እንዳትደነግጥ የተባለችው እህቴ

ታላቅ እህቴ ስትወድቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ዳባት፣ በተማርንበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል ከአሮጌ የጭነት መኪና የወለቀ ቸርኬ ነበር። ባሕር ዛፍ ላይ በሽቦ አንጠልጥለውት ዘበኛው በብረት ሲመታው ድምፁ ገበያው ድረስ ይሰማል። እኔ ገና ፊደል የጨረስኩ ልጅ ነኝ፤ እሷ ከፍ ያለ ክፍል ደርሳለች። ያን ዕለት ጠዋት ከዛፉ ሥር ከጓደኞቿ ጋር ቆማ አንድ ነገር እያወራች ትሥቃለች። ሣቋ ከሩቅ ይለያል። ዘበኛው ከኋላዋ መጥቶ ቸርኬውን መታው። እህቴ ወሬዋን ሳትጨርስ ተዘረረች።

ልጆቹ ተበተኑ። አንድ መምህር ሮጦ መጣና ክብሪት እየጫረ ጢሱን አፍንጫዋ ሥር ያዘላት፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በክብሪት ጢስ ይነቃል ይባላልና። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። ቀሚሷ ርሶ ነበር። ገና አንደበቷ ሳይፈታ እጇ ሹራቧን እየፈለገ ቀሚሷን ለመሸፈን ይታገል ነበር።

ከዚያ ወዲያ በእሷ ኩባያ ውሃ የሚጠጣ፣ ከጎኗ የሚቀመጥ ልጅ ጠፋ። በምራቅ ይጋባል ይባል ነበር። እናታችን መጥታ በጋቢ ጠቅልላ ወሰደቻት። በመንገድ ላይ ለጠየቃት ሁሉ «ቁርስ ሳትበላ ወጥታ ነው» ትላለች። ቤት ስንደርስ ግን መደብ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ዝም አለች። እሳቱ እስኪጠፋ አልተነሣችም።

ያ ዝምታ ምን እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እናቴ የተወለደችው ከዳባት በላይ፣ ገብስ እንጂ ሌላ እህል በማያበቅል ደጋ ነው። እዚያ የአባቷን ቤት ሰዎች «ደንጋጮች» ይሏቸው ነበር። ፈሪ እንደማለት ነው፤ ስድብ ነው። ታናሽ እህቷ የተዳረች ዕለት ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ሊወስዱ መጥተው ደጃፉ ላይ ጠመንጃ ሲተኩሱ፣ ሙሽራዋ ከተቀመጠችበት ተንሸራትታ ወደቀች። ዳግም አልተነሣችም። ለሠርግ የተጠመቀው ጠላ ለለቅሶ ተጠጣ። አንዱ ቡዳ በላት አለ፤ ሌላው የቤቱ ዛር ሙሽራ አላስወጣም ብሎ ነው አለ። እናቴ ስለዚያች እህቷ አታወራም ነበር። እህቴን ከደወሉ ሥር ያነሣች ቀን ግን ሌላ ነገር ያሰበች አይመስለኝም።

ጠበል ወሰደቻት። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ስንቅ ሰንቀው በእግር ይሄዳሉ፤ ቆይተው ይመለሳሉ። ያ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲወርድባት አንድም ቀን አለመውደቋን እናቴ እንደ ምሕረት ትቆጥረው ነበር። በጎን ደግሞ ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ ክኒን ተጀመረላት። ክኒኑ ያስተኛታል፤ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። ቢሆንም ተማረች። ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች ጎበዟ። የሒሳብ አያያዝ ትምህርቷን ጨርሳ ጎንደር ባንክ ስትቀጠር እናቴንና እኔን ይዛን ገባች። እኔም በኋላ ፊዚክስ ተምሬ እዚያው ጎንደር አስተማሪ ሆንኩ። ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር፣ ግቢው የድንጋይ አጥር ያለው ቤት ተከራየን። ከፊት ለፊታችን ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ነበሩ፤ ዘራቸው ከጥንት ጀምሮ በጎንደር ንግድ የኖረ፣ ቁመታቸው እንደ ምሰሶ የሆነ ሽማግሌ። እህቴ በገባን ሳምንት ቀልዳ አሣቀቻቸውና ወዳጅ ሆኑ።

አገባች። ሴት ልጅ ወለደች። አራስ ቤት ሳለች፣ ሕፃኗን እያጠባች፣ አልጋው ላይ የተቀመጠው ስልክ ሲጮህ ወደቀች። አማቷ አየቻት። ከዚያ በኋላ ባሏ ሥራ በዛብኝ ማለት ጀመረ፤ ቀስ በቀስ ልብሱን ወስዶ ጨረሰ። እህቴ ስለ እሱ ስትጠየቅ «ሹፌር አይደል፤ መንገድ ላይ ነው» ትላለች። ሌላ ነገር ስትናገር አልሰማሁም።

ልጅቷ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት እህቴ ባንክ ውስጥ ወደቀች። አንድ ሰው የብረቱን በር ሲለቀው በሩ ተላተመ። ጭንቅላቷ ወለሉን ስለመታው የሥራ ባልደረቦቿ ወደ ሆስፒታል ወሰዷት፤ እኔም ከትምህርት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። የተቀበለችን ሐኪም ከእህቴ በዕድሜ የምታንስ፣ ስለ ልብ ልዩ ትምህርት ተምራ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የተመለሰች ሴት ነበረች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቋት የማያውቅ ጥያቄ ጠየቀቻት።

«ከመውደቅሽ በፊት ምን ሰማሽ?»

እህቴ ግራ ገባት። «ምን እሰማለሁ? በሩን ነዋ።»

«ከዚያ በፊት በነበረውስ?»

«ስልክ።»

«ከዚያስ በፊት?»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «ደወሉን ንገራት እስቲ» አለችኝ። ነገርኳት። ሐኪሟ ስታዳምጠኝ ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም። ከዚያ ኢሲጂ የሚባለውን የልብ መመርመሪያ ራሷ እየገፋች አመጣች። ሽቦዎቹን እህቴ ደረት ላይ ለጠፈች። ማሽኑ ቀይ መስመር ያለበትን ወረቀት እያንሸራተተ ሲያወጣ ሐኪሟ በማስመሪያ ለካችው፤ አልተዋጠላትም መሰለኝ ደግማ ለካችው።

«ይህ የሚጥል በሽታ አይደለም» አለች። «ሆኖም አያውቅም።»

ፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን ስነግራት ወረቀቱን ወደ እኔ አቀረበችው። «እንግዲያውስ አይከብድህም። ልብ የምትመታው በኤሌክትሪክ ነው። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለሚቀጥለው ትዘጋጃለች። የእህትህ ልብ ለመዘጋጀት ትዘገያለች፤ ይኸው፣ ይህ ኩርባ እዚህ ጋ ማለቅ ሲገባው እዚያ ድረስ ሄዷል። ሌላ ጊዜ ምንም አይደለም። ሳትዘጋጅ ድንጋጤ ከመጣባት ግን ምቱ ይዘበራረቃል። መምታቷን ትታ ትርገበገባለች። ደም ወደ ጭንቅላት መውጣቱን ያቆማል፤ ሰው ይወድቃል።»

«ከዚያስ?»

«አንዳንዴ በራሷ ትመለሳለች። እስካሁን ተመልሳለች።»

እህቴ ከአልጋው ቀና ብላ፣ «የሚጥል በሽታ ካልሆነ» አለች፣ «ያን ሁሉ ዘመን ከእኔ ጋር ያልጠጡት ምን ሆነው ነው?» እህቴ ሣቀች፤ ሣቋ ግን መሀል ላይ ተሰበረና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በሽታው በዘር የሚሄድ በመሆኑ ሁላችንም እንድንመረመር ተነገረን። በሌላ ቀን ሐኪሟ እናቴን፣ ልጅቷንና እኔን አከታትላ አስተኝታ አየችን። የእኔ ንጹሕ ነበር። የእናቴ መስመር የረዘመ ነበር፤ አንድም ቀን ወድቃ ባታውቅም። የልጅቷም እንደዚያው፣ እንዲያውም ከሁሉም የባሰ ነበር። ሐኪሟ ይህን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

እናቴ መጀመሪያ የተናገረችው ስለ እህቴ አልነበረም። «ታዲያ ሙሽራዋ» አለች፣ «ያች እህቴ፣ ዛር አይደለም?»

«ተኩሱ ነው፣ እማማ። ልቧ ነው።»

«ቡዳም አይደለም?»

«አይደለም።»

«እኛ እኮ ለዚያ ነገር ጎረቤት አስጠይቀናል። አባቴ አንድ ምስኪን ሸማኔ ከነልጆቹ ከአገር አስወጥቷል።» እናቴ በእጇ ጭኗን መታች። «ምነው ያኔ በመጣሽ፣ ልጄ። ምነው ያኔ በመጣሽ።» ከዚያ ወደ እህቴና ወደ ልጅቷ ዞረች፤ ነገሩ ያኔ የገባት ይመስለኛል። «እና ይህን የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ?» አለች።

እህቴ «አንቺ ሸጋ ሸጋውንም ሰጥተሽኛል፣ እምዬ፤ አፍንጫዬን እዪው» አለቻት። እናቴ ግን አልሣቀችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቷን ስታቅፍ በጥንቃቄ ሆነ፤ የሰው ዕቃ ተውሳ እንደያዘች ሰው።

መድኃኒቱ የልብን ምት የሚያረጋጋ ተራ ክኒን ነበር። ሐኪሟ ጨምራም አንዳንድ የታወቁ መድኃኒቶች፣ ለጉንፋንና ለሳንባ የሚሰጡትም ሳይቀሩ፣ ይህን መስመር ይበልጥ እንደሚያስረዝሙ ነገረችን፤ ያለ እሷ ፈቃድ ምንም እንዳይወስዱ አስጠነቀቀች። የመጨረሻው ትእዛዝ ግን እንዳይደነግጡ የሚል ነበር።

«ባሌ ቢኖር ኖሮ ይህን ትእዛዝ አጽፌ ግድግዳ ላይ እሰቅልበት ነበር» አለች እህቴ።

ቤታችን ጸጥ አለ። ስልኮቻችን ድምፅ አልባ ሆኑ፤ ጠዋት የሚቀሰቅሰን ሰዓት ተወገደ። የግቢውን የቆርቆሮ በር ጠርዝ በአሮጌ ጎማ ለበጥኩት። እናቴ ድስት ስታስቀምጥ ከሥሩ ጨርቅ ታደርጋለች። ወደ ክፍል ስንገባ ገና ከሩቅ «መጣሁ» እያልን ነው። እህቴ ባንኩን ለቀቀች፤ ያ በር መላተሙን አልተወም ነበርና። የሐጂ ሱቅ የብረት መዝጊያ ጠዋት ሲነሣ እንደ ነጎድጓድ ይጮህ ነበር። እናቴ ሄዳ ነገሩን ነገረቻቸው። በማግሥቱ ጠዋት መዝጊያው ሲነሣ አልሰማነውም። ሐዲዱን በቅባት ሞልተውት፣ ሽማግሌው ራሳቸው በሁለት እጃቸው ደግፈው ቀስ እያደረጉ ያነሡታል። ሠራተኛቸውን እንኳ አላመኑትም።

ሐኪሟን በየጊዜው እናያታለን። ስለ በሽታው ስታወራ ፊቷ ይበራል፤ ሙያዋን ትወደዋለች። በልብ ውስጥ ጨው የሚያስገቡና የሚያስወጡ እጅግ ጥቃቅን በሮች እንዳሉ፣ ከእነሱ አንዱ በዘር ሲበላሽ ይህ እንደሚመጣ፣ ዛሬ በሌላ አገር ከጥቂት ደም ላይ የትኛው በር እንደተበላሸ ለይቶ ማንበብ እንደሚቻል አስረዳችን። የክብሪት ሳጥን የምታህል መሣሪያም አለች አለችን፤ ከአንገት አጥንት በታች፣ ከቆዳ ሥር ትቀበራለች፤ ልብን ቀንና ሌሊት ትጠብቃለች፤ ምቱ ሲዘበራረቅ በኤሌክትሪክ መትታ ትመልሰዋለች። «ያቺ መሣሪያ ያለችው ሰው ይወድቃል፤ ግን ይነሣል» አለች።

«ታዲያ አድርጊልኝ» አለች እህቴ።

የሐኪሟ ፊት ጠቆረ። እዚህ የለም። አዲስ አበባም ቢሆን ከውጭ አገር የሚመጡ የልብ ሐኪሞች ይዘውት ሲመጡ ነው የሚገኘው፤ ተራ መጠበቅ ነው። የእህቴን ስም መዝግባ ወደዚያ ላከች። እስከዚያው ግን ልብ ሲቆም ምን እንደሚደረግ እኔን አስተማረችኝ። በትራስ ላይ ነው ያለማመደችኝ። መዳፌን በመዳፌ ላይ ደርባ፣ «ክንድህን አትጠፍ፤ አትዘንላት፤ የጎድን አጥንት ቢሰበር ይጠገናል» አለችኝ።

ከተማው ውስጥ ተኩስ መሰማት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ተኩሱ ምክንያት እዚህ አልጽፍም፤ የሚያውቁት ያውቁታል። ለእኛ ቤት ተኩስ ማለት ድምፁ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ከሩቅ፣ ከአዘዞ በኩል፣ አንዳንዴም ከወለቃ ማዶ ይሰማል። እህቴ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና በላዩ ሻሽ ታስራለች፤ ልጅቷንም እንደዚያው። ሲነጋገሩ ከንፈር እያዩ ነው። ከእነሱ ጋር አብሬ ስበላ፣ ሁለቱ ራሳቸውን አስረው ፊት ለፊት ይሣሣቃሉ።

እናቴ «እኔ አገር እንውሰዳቸው፤ እዚያ ከነፋስ በቀር የሚጮህ የለም» አለች። መንገዱ የተከፈተ ሰሞን ወደ ደጋው ወሰድናቸው። እውነትም ጸጥታ ነበር፤ እህቴ ጥጡን አውጥታ በግ ሲግጥ ይሰማኛል አለች። ግን ብዙ አልቆየንም። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ሞተው ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ለቀብር መሰብሰብ ጀመሩ፤ ሙት በክብር ሲሸኝ ይተኮሳልና። እናቴ ከወንዶቹ ታላቅ ወደሆነው ቀርባ፣ «አያ፣ ልጆቼን እስካወጣ ታገሡኝ» ስትል ለመነች። ሰውየው እያዘነ፣ «ምነው እመቤት፣ ሬሳ እንዴት ይጠብቃል?» አላት። ከተኩሱ በፊት ቁልቁል በእግር ስንወርድ እህቴ «ጸጥታ ፍለጋ ወጥተን ከጸጥታ ሸሸን» እያለች ትቀልዳለች። ልጅቷ በጀርባዬ ላይ ነበረች።

ከዚያ ክኒኑ ጠፋ። መንገድ ሲዘጋ ወደ ከተማው የሚገባው መድኃኒት ሁሉ አብሮ ይቀራል። በየፋርማሲው ዞርኩ። ሐጂ በንግድ የሚያውቋቸውን ሰዎች ጠይቀው ከእንፍራንዝ አንድ እሽግ አስመጡልኝ። እህቴ ያን እሽግ ተቀብላ ለልጅቷ ቀን በቀን እየቆጠበች መስጠት ጀመረች፤ የራሷን ግን በግማሽ ትሰብራለች። ተቆጣኋት።

«አትቆጣኝ፤ እንዳልደነግጥ ተብያለሁ» አለችኝ። በዚህ ቀልድ ሁሌም ታሸንፈኛለች።

አንድ ቀን ሐኪሟ ስልክ ደወለች። የውጭ ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ሊመጡ ነው፤ ለእህቴ መሣሪያ ተይዞላታል። የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጥኩ። እናቴ ዳቦ ቆሎ አዘጋጀች። እህቴ ቦርሳዋን ስትሞላ አዲስ ሸሚዝ አሳየችኝ፤ ሐጂ የሰጧት ጨርቅ ነው፤ አንገቱን ሰፋ አድርጋ ያሰፋችው መሣሪያው የተቀበረበት ጠባሳ እንዲታይ ነው። «ሜዳሊያዬን ለምን እደብቃለሁ?» አለች። እንደዚያን ሳምንት ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ከመብረራችን በፊት ሐኪሟ እንደገና ደወለች። ድምፅዋን ስሰማ አወቅሁ። እንግዶቹ ለደኅንነታቸው ሠግተው ጉዞውን ሰርዘውታል። መቼ እንደሚመጡ አይታወቅም። ለእህቴ ስነግራት መጀመሪያ ዳቦ ቆሎውን አውጥታ ለሰፈር ልጆች አደለች። ሸሚዙን አጣጥፋ ከሳጥኑ ሥር አስገባችው። «እነሱም ደንግጠው ነው» አለች። «አልፈርድባቸውም።»

የሞተችው በቀትር፣ ፀሐይዋ ደስ በምትልበት ሰዓት ነው። ግቢ ውስጥ ለልጅቷ ጠጉሯን እያጠበችላት ነበር። ለመታጠብ ሲባል የልጅቷ ሻሽ ወልቋል፤ የእሷ ግን እንደታሰረ ነው። እኔ በረንዳው ላይ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ከተማው ጸጥ ብሎ ነበር። ከአጥራችን ጀርባ፣ ከመንገዱ ላይ፣ አንድ ጥይት ተተኮሰ። አንድ ብቻ። ማን እንደተኮሰው፣ በማን ላይ እንደተኮሰው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጥጡም ሻሹም አላዳናትም። ማሰሮውን እንደያዘች ተንበረከከች፤ ከዚያ በጎኗ ወደቀች። ልጅቷ ዓይኗን በሳሙና ስለጨፈነች አላየችም፤ «እማዬ፣ ውሃ ጨምሪ» ትላለች። እናቴ ከቤት ወጥታ ልጅቷን ከነአረፋዋ አፍሳ ወደ ውስጥ ይዛት ገባች።

እንደተማርኩት አደረግሁ። ክንዴን አላጠፍኩም፤ አላዘንኩላትም። ከእጄ ሥር የጎድን አጥንቷ ሲሰበር ተሰማኝ። ሐጂ የተኩሱን ድምፅ ሲሰሙ ወደ እኛ ግቢ ነው የሮጡት፤ ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሸሽ። መኪናቸውን አመጡ። ከኋላ ወንበር ላይ ደረቷን እየተጫንኩ ሄድን። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ነበር። ሐጂ ወርደው፣ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ በነጭ ጀለቢያቸው መሀል መንገድ ላይ እየሄዱ ተማጸኑ፤ አሳለፉን። ስንደርስ ሐኪሟ በር ላይ ጠበቀችን። ከእኔ ተቀብላ ቀጠለች፤ ልቧን በኤሌክትሪክ መቱት፤ ደግመው መቱት። የማሽኑ መስመር አንዴ የተመለሰ መሰለና ተመልሶ ተኛ። በመጨረሻ ነርሷ የሐኪሟን ክንድ ያዘች። ሐኪሟ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ይታወቅ ነበር እኮ» አለች። «ምን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ምን እንደሚደረግም ይታወቅ ነበር።» እንደ እኔ አለቀሰች።

ለቅሶው ላይ እናቴ ያደረገችውን አልረሳም። በእኛ አገር ለቀስተኛ ገና ከበሩ ሳይደርስ ይጮኻል፤ ሳይጮኹ መግባት ሟችን ማቃለል ነው። እናቴ ግን ድንኳኑ ሲተከል ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ «ማንም እንዳይጮህብኝ» አለች። «ልጅቷ አለች።» የዕድሩ ሰዎች ግራ ገባቸው። አልቃሿም ተመለሰች። ሐጂ በራሳቸው ፈቃድ በሩ ላይ ቆሙ። ከዳባት፣ ከደጋው የመጡት ዘመዶች ደረታቸውን ሊመቱ፣ ድምፃቸውን ሊያወጡ ሲሉ በእጃቸው እየያዙ፣ «ቀስ ብላችሁ ግቡ፤ ድምፅ የማትችል ልጅ አለች» ይሏቸዋል።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እናቴም አንድ ድምፅ ሳታወጣ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች ልጇን ቀበረች። የታናሽ እህቷን ለቅሶ በኋላ ሳስበው፣ ያኔ በጩኸት የወጣላት ሐዘን ዛሬ ምን ላይ እንደተቀመጠ አላውቅም። ድምፅዋ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ ሰው ሲያናግራት የምትመልሰው በሹክሹክታ ነው።

ሐኪሟ ከወራት በኋላ ከአገር ወጣች። ልትሰናበተን መጥታ ብዙ አልተቀመጠችም። «እዚያ ያለውን ሁሉ እማራለሁ» አለች። እመለሳለሁ አላለችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። በእሷ ቦታ ያለው ሐኪም ደግ ነው፤ ግን ጥድፊያ አለበት። ባለፈው ስንሄድ የልጅቷን ወረቀት አይቶ መስመሩ ካለፈው ይልቅ መርዘሙን ነገረኝ፤ ክኒኑን ከፍ አደረገው። «መሣሪያውስ?» ስለው «ተመዝግባለች» አለኝ። ሌላ ምን ይበል?

ልጅቷ አሁን ቤት ውስጥ ነው የምትማረው፤ ከሥራ ስመለስ እኔ አስተምራታለሁ። የእናቷ አፍንጫ፣ የእናቷ ቀልድ አላት። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እኔስ እንደ እማዬ ነኝ?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ የምትጠይቀኝን ሁሉ እመልስላታለሁ። ትንሽ አሰበችና ስለ ልብ ሳይሆን ስለ ውሻ ጠየቀችኝ፤ አንዲት ጎረቤታችን ቡችላ ልትሰጣት ነበር። ውሻ ይጮኻል፤ አይሆንም አልኳት።

«ድመትስ?»

ድመት አመጣንላት። ግራጫ ናት፤ ልጅቷ እግር ሥር ትተኛለች፤ ልጅቷ በጣም ትወዳታለች። እኔ ግን ድመቷ ዕቃ እንዳትጥል ስለምፈራ፣ ወጥ ቤቱን ቆልፌ ነው ለሥራ የምወጣው።